«የጎርፉ አለ?» እያላችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው መደዳችን ጎርፍ በገባባቸው ሱቆች ስም ነው። እኔ የሴት ልብስና ጨርቅ እሸጣለሁ። ከጎኔ ጫማ ቤት አለ፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊ፣ ጥጉ ላይ ቅመማ ቅመም። «አንቺ መጻፍ ትችያለሽ» ብለው ጣሉብኝ። ስለዚህ ጽሑፉ ወደኔ ሱቅ ካደላ ጎረቤቶቼ ይቻሉኝ። ሌላ ጊዜ ተራው የእናንተ ነው።

ስም አልጠራም። ግማሾቻችሁ «ስሜን እንዳታነሺ» ብላችሁኛል። የቀራችሁትን ልጥራ ብል ደግሞ የዘለልኩት ሰው ይቀየመኛል። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ የጭነት መኪና ሹፌሩን ላመስግን። ድሬን የማያውቅ ሰው ጎርፍ ሲባል ቀድሞ ዝናብ የሚጥል ይመስለዋል። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ላይ ኮከብ እየታየ፣ ከከተማው በላይ ባለው የደንገጎ ዳገት የዘነበው ዝናብ ነው እኛን የሚያጥለቀልቀን። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚያ አንድ ሌሊት ድንገት ይመጣል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 አጥቢያ እንዲሁ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያን ሌሊት ያየ የድሬ ሰው ዛሬም የውሃ ድምፅ ከሰማ ጫማውን አይፈልግም፤ ባዶ እግሩን ነው የሚሮጠው።

ሹፌሩ ዘንድሮ ጎርፉ በገባብን ሌሊት ጭነት ይዞ ደንገጎን እየወረደ ነበር። ድሮ ለመደዳችን ዕቃ ያራግፍ ስለነበር የዘበኛችን ስልክ አለው። «አባባ፣ እዚህ ሰማዩ ተቀዷል፣ ደቻቱን ይዩት» አላቸው። በቃ ይኸው ነው። አባባም ተቀምጠው አላሰቡም። በዱላቸው በር በሩን እየደበደቡ ሱቅ ውስጥ የሚያድሩትን ልጆች በሙሉ አስወጡ። ውሃው ሲገባ ውስጥ ሰው አልነበረም። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ደቻቱ ግንቡን አልዘለለም። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ የተሠራው ግንብ ይዞታል። እኛን ያጠቃን በጓሮ በኩል ያለው ቦይ ነው። ሞልቶ ወደ ኋላ መለሰና እስከ ጉልበት ድረስ ገባ። የቦዩን ነገር ለሚመለከተው ክፍል አመልክተናል፣ እዚህ አላወራውም።

ወቅቱን ግን አስቡት። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። የጨርቅ ነጋዴ ዓመቱን የሚበላው ከዚህ ጊዜ ነው። መጀመሪያ የዒድ ልብስ። ዒድ ካለፈ ከሳምንት በኋላ የሐረር ሸዋል ዒድ። ትንፋሽ ሳይሰበሰብ ፋሲካ። ስለዚህ ሱቁ እስከ ጣሪያ ሞልቶ ነበር፤ ሽቲው፣ ድሪያው፣ አባያው፣ ሻሹ፣ የልጆች ቀሚስ። ግማሹ ደግሞ በዱቤ የመጣ ነው። ከታችኛው መደርደሪያ ያለው ጣቃ ሁሉ ጭቃ ጠጥቶ ከብዶ፣ ለሁለት ሆነን እንኳ ማንሳት አቃተን።

ጠዋት ላይ ቪዲዮ የምትቀርጹ ልጆች ቀድማችሁ ደረሳችሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ በጣም ተናድጄባችሁ ነበር። «ስልኩን አስቀምጥና ባልዲ ያዝ!» ብዬ የጮኽኩበት ልጅ ያስታውሰኛል። ግን ያ ቪዲዮ ነው ጂቡቲ ያለው የባለቤቴ ዘመድ ዘንድ የደረሰው። እሱ ደውሎ ነው የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለውን ጓደኛውን ከሳቢያን ሰፈር የላከልን። ስለዚህ ቀራጮችም ተመስግናችኋል። ባልዲውን ግን ሌላ ጊዜም ያዙ።

ካፈጠራችሁ በኋላ የጫት በርጫችሁን ትታችሁ አካፋ ይዛችሁ የመጣችሁ የሰፈር ልጆች፣ አቦ ይመቻችሁ! ቀን በፆምና በሙቀት ማንም አቅም አልነበረውም። ሥራው የተሠራው ሌሊት ነው። እስከ ሱሑር ስትዝቁ አድራችሁ፣ ጭቃውን በጋሪ አውጥታችሁ፣ ጠዋት ፊታችሁን ታጥባችሁ ወደየሥራችሁ ሄዳችሁ። ባጃጅ ያላችሁትም ጣቃ ስታመላልሱ የነዳጅ እንኳ አልተቀበላችሁም። አንዱን ኪሱ ውስጥ ብር ብከትለት ሲመለስ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ከረሜላ የምትገዛበት ሕፃን አደረግሽኝ ብሎ ነው አሉ የተቆጣው።

ጥጉ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሺው እናታችን፣ ያንቺን ሥራ ያየሁት እኔ ነኝ። ለሚያፈጥሩት የሥጋውን፣ ሁዳዴ ለያዝነው የምስሩን። መጥበሻው ለየብቻ፣ ዘይቱ ለየብቻ፣ ማውጫው እንኳ ለየብቻ። አንዱ ልጅ ተሳስቶ የሥጋውን ማውጫ ወደ ምስሩ ሲሰድ እጁን በማማሰያ መታሽው። «ሰው ፆሙን ይዞ ነው የሚሠራልን» አልሽው። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተሳሳተም።

ስለ እጥበቱ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁ እንዴት እንዳተረፍነው ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ሙቅ ውሃና በረኪና ላዘጋጅ ስል ከድሬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ደረሱ። «ማነው ሙቅ ውሃ ያለው?» ብለው ጮኹ። ሙቅ ውሃ ጭቃውን ክሩ ውስጥ ያስቀረዋል፣ በረኪና ደግሞ ቀለሙን ይበላል አሉን። መጀመሪያ ያለ ሳሙና በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ። ሳሙና ከዚያ በኋላ ነው። የድሬ ውሃ ደግሞ እንደምታውቁት ድንጋይ ይበዛዋል፣ ሳሙና ቶሎ አረፋ አይሰጥም። ጋሼ ለዚህም መላ ነበራቸው፤ የዱቄት ሳሙናውን አስቀድሞ በጀሪካን በጥብጦ ማሳደር። ሲደርቅም ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ላይ ያሰጣች ሴት ካዩ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ነው የሚጮኹት። የፋብሪካውን ማሽን ድምፅ አሸንፎ መጮህ ስለለመዱ መሰለኝ፣ መደዳው በሙሉ ይሰማቸዋል።

ጣቃውን ቤታችሁ ወስዳችሁ ያጠባችሁ የሰፈር እናቶችና እህቶች፣ ለእናንተ ምን ልበል? የሰጠኋችሁን አልመዘገብኩም። በዚያ ግርግር ማን መዝግቦ። አጥባችሁ፣ ተኩሳችሁ፣ አጥፋችሁ መለሳችሁ። ስለካው አንድ ሜትር አልጎደለም። እንዲያውም ከመካከላችሁ አንዷ የጎረቤት ቤት የቀረ ሻሽ አገኘሁ ብላ ከገንደ ቆሬ ድረስ በእግሯ አመጣችልኝ።

አሁን ወደ ሐጂ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ዋናው ምክንያት እሳቸው ናቸው።

ሐጂ ፊት ለፊቴ ነው ሱቃቸው። እኔ የምሸጠውን ነው የሚሸጡት። ደንበኛዬ ከኔ ወጥታ ወደ እሳቸው ስትሻገር እያየሁ ስንት ጊዜ ነድጃለሁ። እሳቸውም የኔን ዋጋ በልጆቻቸው ሲያስጠይቁ ኖረዋል፤ ልጆቹን እኮ አውቃቸዋለሁ። ነገሩ በኛ አልተጀመረም። ጨርቅ ከጂቡቲ በአሮጌው ባቡር በሚመጣበት ዘመን አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሐጂ አባት ጋር ጣቢያው ላይ ጣቃ ይሻሙ ነበር ይባላል። የተወረሰ ፉክክር ነው።

የሐጂ ሱቅ ደረጃው ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃ አልነካውም። ዒድ ደርሷል፣ እኔ ተዘግቻለሁ፣ መንገዱ ሙሉ ደንበኛ አለ። ንግድ የምታውቁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ዝም ብለው ቢቀመጡ እንኳ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ባንኮኒያቸውን ለሁለት ከፈሉት። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ስለነበረ የተረፈውን ዕቃዬን በልጆቻቸው አሸክመው አስመጡና «ከዚህ እስከዚህ ያንቺ ነው» አሉኝ። ኪራዩን ስጠይቅ፣ «ልጄ፣ ዒድ እኮ ነው የደረሰው» ብለው ሒሳባቸውን ወደ መቁጠር ተመለሱ።

እስከ ዒድ ዋዜማ አንድ ባንኮኒ ላይ ሸጥን። እሳቸው በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፣ መካከል ላይ ሜትራችን። ሁለት ሳጥን፣ ሁለት ደረሰኝ። አንዷ ደንበኛ ከኔ ጋር በድሪያ ዋጋ ተጨቃጨቀችና ተናዳ ወደ ሐጂ ጫፍ ሄደች። ያንኑ ድሪያ ይዛ! ሐጂ በዓይናቸው ጠየቁኝ፣ እኔም የመጨረሻውን ዋጋ በጣቴ አሳየኋቸው። እሳቸው ያንኑ ዋጋ ነገሯት፣ «ይኸው! ሽማግሌ ይሻላል» ብላ ከፍላ ሄደች። ብሩን ወደኔ ሳጥን ወረወሩት። እህቴ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ ድሪያው ይመርብሽ፤ ግን ቅናሹ የኔ ነበር።

የሰኞ ዕቁባችንን እንዳልረሳ። በዚያ ሳምንት ዕጣው የወጣላት ሴት ለልጇ ሰርግ ስትጠብቀው የቆየች ናት። ዳኛው ብሩን ሲቆጥርላት «ለሷ ስጧት» አለች። እምቢ ብል «ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ያንቺ ገበያ ግን ነገ ነው» አለችኝ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናዎቹን ያስጠገነው፣ እኔ አዲስ መደርደሪያ ያሠራሁት በዚያ ብር ነው። የሙሽራዋ ቀሚስ ከነመጋረጃው በኛ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። መርካቶ ያለው አከፋፋያችንም «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ገና ጭቃው ሳይደርቅ ደውሎ «የኔ ብርስ?» ያለን ሰውም አለ። ተከፍሎታል። ምስጋናው ውስጥ ግን የለም።

የስፌት መኪናዎቹን የጠገኑት ደግሞ ከሐረር፣ መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የወረዱ ባለሙያ ናቸው። ዘይታቸውንና ብሩሻቸውን ይዘው፣ ምሳም ሳይፈልጉ፣ እያንዳንዷን ብሎን ፈትተው አሸዋውን አወጡላት። አንደኛዋን መኪና «ይቺ ከኔ ትበልጣለች» እያሉ በተለየ ክብር ነው ያጠቧት። እሷም አላሳፈረቻቸውም።

ከዚያ «የጎርፉ» መጣ። ታጥቦ ዳሩ ላይ ትንሽ ቡናማ ምልክት የቀረበትን ጨርቅ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ አውጥተን በቅናሽ ዘረጋነው። «ጎርፍ የነካው» ብለን በካርቶን ጻፍን። ምልክቱን ደብቀን መሸጥ አልፈለግንም። ድሬ ደግሞ ቀልድ ትወዳለች። በማግስቱ «የጎርፉ አለ?» እያላችሁ መምጣት ጀመራችሁ። አንዷማ ያልረጠበ ሽቲ ይዛ «ይሄም በጎርፉ ሒሳብ ይሁን፤ ካስፈለገ ውሃ እረጭልሻለሁ» አለችኝ። ሌላዋ ምልክቱ የታለ ብላ ተከራከረችኝ፣ ካልታየ አልገዛም ብላ። ከዒድ ሶላት ስትመለሱ ዳሩ ላይ ምልክት ያለበት ሽቲ ለብሳችሁ በመደዳችን በኩል ያለፋችሁ ልጆች፣ እያንዳንዳችሁን አይቻለሁ። ሆን ብላችሁ በዚያ በኩል እንደዞራችሁም አውቃለሁ።

ሐረሮችም አልቀራችሁም። ሸዋል ዒድ ከ2016 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ነው፣ እንግዳውም ብዙ ነው፣ ለራሳችሁም ጊዜ አልነበራችሁም። ሆኖም ሚኒባስ ተኮናትራችሁ ወርዳችሁ አትላሱን፣ ሻሹን፣ የልጆቹን ልብስ ከኛ ገዛችሁ። የሐረር ሱቆች እንደሚቀየሟችሁ ታውቁ ነበር። ማስታረቅ ካስፈለገ ሐጂን እንልካለን።

አሁን መደዳው በሙሉ ተከፍቷል። ቅመማ ቅመሙ ጥግ ላይ ብቻ የግድግዳ ቀለም ስላልደረቀ ዕቃው ደጃፍ ላይ ነው ያለው፤ በርበሬው ግን አዲስ ነው። የፋሲካ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ገብቷል። እንደ ወትሮው ጠዋት እስከ 6 ሰዓት፣ ከዚያ ሙቀቱ ሲበርድ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት አለን። «የጎርፉ» አልቋል፣ አትጠይቁኝ።

አንድ የቀረ ጉዳይ። በዚያ ሌሊት ይዛችሁት የመጣችሁት ዕቃ ሱቄ ውስጥ ተከማችቷል፤ አካፋዎች፣ አንድ ትልቅ የብረት ሳፋ፣ ሰማያዊ ባልዲዎች፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ የግራ እግር ቦት ጫማ። ጣቃ ማስቀመጫ አሳጥታችሁኛል። ከፋሲካ ገበያ በፊት ኑና ውሰዱልኝ። ሻይ አለ።

በመደዳው ነጋዴዎች ስም
ድሬዳዋ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.