የካኑን ልብ አትርሱብን

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣ ሰላም ናችሁ? ስለ አርሰናል የድሮ ተጫዋቾች በተወራ ቁጥር ሁሌ ሄንሪ፣ ቤርካምፕ ይባላል፣ ናይጄሪያዊው አጥቂ ካኑስ? ልጁ እኮ በ1996 እ.ኤ.አ. አትላንታ ላይ የናይጄሪያ አምበል ሆኖ የኦሎምፒክ ወርቅ በወሰደ ማግስት አዲሱ ክለቡ ኢንተር ሚላን ሲመረምሩት የልቡ ቫልቭ ችግር ተገኘበት፣ ገና 20 ዓመቱ ነው፣ ኳስ አበቃ ተባለ። አሜሪካ ሄዶ ልቡን በቀዶ ጥገና ታክሞ በ1999 አርሰናል ገባ፣ በዛው ዓመት ጥቅምት ላይ ቼልሲ በሜዳው 2 ለ 0 እየመራ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃ ብቻውን 3 አገባባቸው፣ ሦስተኛዋማ በረኛው ጎሉን ጥሎ ወጥቶ ካኑ በግራ በኩል መስመሩ ጋ ሸወደውና ከዛች ጠባብ ቦታ አጥፎ በተከላካዮቹ አናት ላይ አሳለፋት፣ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች። በኋላም የልብ ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት የሚያሳክም ድርጅት አቋቋመ፣ ይሄ ለኔ ከጎሎቹ ይበልጣል።

የምጽፍላችሁ የወንድሜ ልጅ ሰፈር ውስጥ ፕሮጀክት (የታዳጊዎች የኳስ ቡድን) ስለሚጫወት ነው። ሲመዘገብ የልደት ካርድና ፎቶ ተጠየቀ፣ ልቡን ያዳመጠው ሰው ግን የለም። ካኑን ያተረፈው ያ ምርመራ ነው እኮ፣ እባካችሁ የኛ ክለቦችና ፕሮጀክቶች ልጆቹን የልብ ምርመራ ያስደርጉ እንደሆነ ጠይቁና ጻፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ