ባነሩን አላሳተምኩትም

ልጄ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኛ ደህና ነን፣ እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ለትምህርት ቤታችሁ ጎብኚዎች ይሰቀል ብለሽ በቴሌግራም የላክሽውን የባነር ዲዛይን አይቼዋለሁ፣ ግሽ አባይ ያለው ማተሚያ ቤትም ሄጄ ነበር። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶት «እንኳን ወደ ሞዴል ትምህርት ቤታችን በሰላም መጣችሁ» የሚለውን ቀይ ላድርገው ወይስ ወርቃማ ሲለኝ ቆይ መጣሁ ብዬው ወጣሁ፣ በዛው ቀረሁ። ብር እንዳትልኪ፣ አላሳተምኩትም። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር ግን እናንተ ጋ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግማሹን ትሰሚና ትቀየሚኛለሽ ብዬ ነው እንደ ድሮ ሰው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ትምህርት ቤታችሁ ከጉድኝቱ (ተቀራርበው አብረው ከተደራጁት ትምህርት ቤቶች) ሁሉ ተመርጦ ሞዴል መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፣ አንቺም ገና ሁለተኛ አመትሽ ነው። ርዕሰ መምህራችሁ «አዲሱን ስርአተ ትምህርት በተግባር የምናሳየው እኛ ነን» አሉ ስትይኝ ግን ሳቄም መጣ ሆዴም ተረበሸ፣ ምክንያቱም ይቺን ነገር እኔም አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ብያታለሁ፣ አጨብጭበውልኛል እኮ።

ስንቱ ሲመጣ አየሁ መሰለሽ። የ86ቱ ፖሊሲ ሲወጣ ትምህርቱ ተማሪ ተኮር ይሁን፣ እስከ ሶስተኛ ክፍል ተከታታይ ምዘና እንጂ መውደቅ የለም ተባለ፣ ሀሳቡ ደግ ነበር፣ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ምዘናው ተረሳና አለመውደቁ ብቻ ቀረ። በ97 ግድም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፕላዝማ ገባ፣ አጎትሽ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው «እኔ አሁን የቴሌቪዥን ዘበኛ ነኝ» ይል ነበር፣ ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ትሮጣለች፣ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። በ2001 ደግሞ የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራሙ ከነስኩል ግራንቱ (ለትምህርት ቤት ከሚሰጠው ድጎማ ጋር) መጣ፣ በአመት 60 ሰአት ተሙማ፣ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማለት ነው፣ ተባለ፣ ሁላችንም ፖርትፎሊዮ በፖርትፎሊዮ ሆንን። አሁን ያንቺ ተራ ነው፣ የትምህርት ፍኖተ ካርታ፣ ስድስት ሁለት አራት (ስድስት አመት አንደኛ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ)፣ ግብረገቡ፣ ክወናና እይታ ጥበባቱ፣ ሁሉም። እንዳትሳሳቺ ልጄ፣ ለውጡ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም፣ አካባቢ ሳይንስን አንብቤዋለሁ (ያው መጽሐፉ ስላልደረሳችሁ ፒዲኤፉን ከቴሌግራም ያወረድኩልሽ ጊዜ) እውነቴን ነው ደስ ብሎኛል፣ ልጁን ከደብተር አውጥቶ ወደ ደጅ የሚሰድ ነገር ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሞዴል የሚባለው ነው። ይሄን ለናትሽም በደንብ ነግሬያት አላውቅም።

በ2003 ነው። ያኔ ከጣና ሐይቅ በምስራቅ በኩል የነበርኩበት ትምህርት ቤት የጉድኝት ማዕከል ነበር፣ ስድስት ሳተላይት (በኛ ስር የተያያዙ) ትምህርት ቤቶች ነበሩን፣ እና ሞዴል ተባልን። ለጉብኝት ሊመጡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፔዳጎጂካል ማዕከሉን፣ የማስተማሪያ መርጃ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ ከፍተን ብናየው የተቀደደ ካርታና የሸክላ ዳቦ፣ የሸክላ ሙዝ ብቻ ነው ያለው። ምን ይሻላል ሲባል አንዱ «ከሳተላይቶቹ በውሰት እንሰብስብ» አለ፣ ያ አንዱ እኔ ነኝ። በአህያ ጋሪ ዞሬ ሰበሰብኩ፣ ከአንዱ ሚዛን፣ ከአንዱ የአፅም ቻርት፣ ከአንዱ ደግሞ ግሎብ። ሁሉም ላይ የኛን ትምህርት ቤት ስም በፕላስተር ለጠፍንበት። በጉብኝቱ ቀን የሳተላይቶቹም መምህራን ልምድ ሊቀስሙ ተጠርተው መጡ፣ አንዱ ረጋ ያለ ሰውዬ ግሎቡ ጋ ቆመ፣ በጣቱ ቀስ አድርጎ አዞረውና አፍሪካ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሳለች ትንሽ አበባ ላይ ሲደርስ አቆመው፣ ቀና ብሎ አየኝ። «ይቺን እንኳ የኔ ተማሪ ናት የሳለቻት» አለኝ በሹክሹክታ። ከዛ በኋላ ደብተሩን አውጥቶ እንደ ሰዉ «ግሎብ፣ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ» ብሎ ልምዱን ቀሰመ።

ግሎቡን አልመለስንለትም እኮ። ሌላ ጉብኝት ይመጣል ተብሎ ተቆለፈበት፣ ቁልፉ የእቃ ግምጃ ቤት ሰራተኛዋ ጋ ነው፣ እሷ ወሊድ ወጣች፣ አመቱ አለቀ።

አሁን ይሄን አስቢ። በ2003 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ከሄደ 12ኛ ክፍል ላይ የተፈተነው የ2014ቱን ፈተና ነው። ያ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑት፣ ከመቶ 50 እና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ የሆነበት ነው፣ በቀጣዩ አመት 3.2 ሆነ፣ በ2017 እንኳ ተሻሻለ ተብሎ 8.4 ነው። ሰዉ ሁሉ ፈታኙን ተፈታኙን ኩረጃውን ሲያወራ እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ እነዛን ትንንሽ ልጆች ነው ያሰብኩት፣ እኛ ግሎብ ስናንከራትት ፊት ለፊታችን ሶስት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡትን። የአበባዋ ልጅ በእድሜ ከነሱ ትንሽ ከፍ ትላለች። የት እንደደረሰች አላውቅም።

ስለዚህ ባነር አላሳትምልሽም፣ ይሄው ነው።

ግን በቁጭት ብቻ አልተውሽም፣ የሰራልንም ነገር አለ። በሚቀጥለው አመት ያ ሰውዬ ራሱ (አልተቀየመኝም፣ እኔ ብሆን እቀየም ነበር) ሀሳብ አመጣ፣ «ጉብኝት ምናምን ይቅር፣ አንድ ሳምንት እኔ አንተ ክፍል ላስተምር፣ አንተ ደግሞ የኔን ያዝ» አለ። ሄድኩ። የሱ ክፍል ዳስ ነው፣ 78 ልጅ፣ ጥቁር ሰሌዳው መሀሉ ተቦርብሯል። እኔ ሞዴሉ መምህር በቡድን ተቀመጡ ብል መዞሪያ ቦታ የለም፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ላብ በላብ ሆንኩ። ለካ እሱ ዘዴውን ከቄስ ትምህርት ቤት ነው ያመጣው፣ ቀድሞ የገባው ልጅ ኋላ የመጣውን ያስቀጽለዋል፣ በየረድፉ አንድ አንድ እንዲህ አይነት ልጅ አለው፣ እሱ የሚሰማው እነሱን ነው፣ እነሱ ደግሞ ጎረቤታቸውን። ምንም ብር አይጠይቅም። እኔ ወደ ሞዴሉ ይዤው የተመለስኩት ይሄን ነው፣ የሱ ክፍል ለኔ ሞዴል ሆነ ማለት ነው፣ ሪፖርት ላይ ግን እንዲህ ተብሎ አይጻፍም፣ ቅጹ ቦታ የለውም።

ሌላው እምቦጩ ነው፣ ውሀ ላይ የሚንሳፈፈው አረም። ከ2004 ወዲህ በኛ በኩል ሐይቁን ሲወረው ልጆቹ በየቀኑ የሚያወሩት እሱን ሆነ፣ አባቶቻቸው መረብ መጣል አቃታቸው፣ ከብቱ ውሀ መጠጫ አጣ። እኔም የናትሽን ሳፋ ይዤ ሄድኩ (ተሰረቀ ብያት ነበር፣ አሁን ታነበዋለች)፣ አንድ ግንድ እምቦጭ ውሀ ውስጥ አስቀመጥንና በየሶስት ቀኑ ቅጠሉን እየቆጠርን ሰሌዳ ላይ ጻፍን። ደብተር የማይዝ ልጅ ሁሉ ቁጥሩን በቃሉ ይዞት ይመጣ ነበር። አንዷ «ጋሼ ሐይቁን ለመሙላት ስንት ቀን ይፈጅበታል?» አለችኝ። እንስራው አልኩ። የሳፋው አፍ ግማሽ ሜትር ነው፣ ስፋቱ 0.2 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው፣ ጣናን 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር አልነው፣ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል አልንና አንድ ሳፋ ሙሉ ከሆነበት ተነስተን ማባዛት ጀመርን፣ ሁለት አራት ስምንት እያሉ ሰሌዳው አለቀ፣ ግድግዳው ላይ ቀጠሉ፣ 34ኛው እጥፍ ላይ ሐይቁ አለቀ። አንድ አመት ከአራት ወር አይሞላም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዛ አንዱ ከኋላ «ታዲያ እስካሁን ለምን አልሞላም?» አለ፣ እና ልጄ፣ ትምህርቱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው፣ ማዕበሉ፣ ነፋሱ፣ ጥልቀቱ፣ የሰዉ ነቀላ፣ ሁሉም ከነሱ አፍ ወጣ። ፔሬዱ አልቆ ደወል ሲደወል ማንም አልተነሳም። ይሄን ማንም ጎብኚ አላየውም፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ግን ርዕሰ መምህሩ አይቶ ግድግዳ አቆሸሽክ ብሎ በቃለ ጉባኤ አስያዘብኝ።

እና እንዳትሰሪው የምልሽ፣ እምቦጭን ወደናንተ በኩል ለማስተማሪያም ቢሆን እንዳታስመጪ፣ እኛ እንኳ ስንጨርስ አድርቀን አቃጥለነዋል። እናንተ ጋ ደንገልና ታንኳ አለ አይደል? ልጆቹ ከደንገል የክንድ ያህል ታንኳ ይስሩ፣ ሳፋ ውሀ ላይ ያስቀምጡትና ጠጠር እየጨመሩ ስንት ሲሆን እንደሚሰምጥ ይቁጠሩ፣ ከዛ በየቀኑ ይድገሙት። ደንገሉ ውሀ እየጠጣ ሲሄድ የሚሸከመው ያንሳል፣ ለምን አባቶቻቸው ታንኳውን አውጥተው ፀሀይ ላይ እንደሚያቆሙት ያኔ ራሳቸው ይነግሩሻል። ፀሀይ አስመትተሽ ደግሞ እንደገና ቁጠሪ። ቁጥሩ አልመጣልሽ ቢል፣ ታንኳው ቢገለበጥ፣ እንግዶቹ ፊት ይገለበጥ፣ ተይው።

ለርዕሰ መምህሩ ባነሩ ለምን እንደቀረ እኔን አሳቢ፣ ሽማግሌው አባቴ እምቢ አለ በያቸው። ፋይሉን ግን አሟልተሽ ያዢ፣ እሱ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም፣ ኢንስፔክሽን ሲመጣ ደረጃ የሚሰጥሽ በሱ ነው። ብቻ ከጎብኚዎቹ መሀል ከሳተላይት የመጣ፣ ዳር ላይ ዝም ብሎ የቆመ መምህር ካየሽ ሻይ ጋብዢውና ክፍልህ ስንት ልጅ አለ በይው፣ ከዛ አንድ ሳምንት እንቀያየር በይው። ርዕሰ መምህሩ ካልፈቀዱ ሁለት ቀንም ይበቃል።

ቅዳሜ ጠዋት በሚመጣው ጀልባ ማርከር፣ ሜትር፣ በሶ፣ እና ሳፋውን ልኬልሻለሁ፣ ወደቡ ላይ ራስሽ ተቀበይ። ያው ሳፋ ነው። እናትሽ አሁን ከኔ ትከሻ ላይ ሆና እያነበበች ነው፣ «የዛሬ ስንት አመት ተሰረቀ ያልከኝ?» እያለችኝ ነው፣ ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሽው ካልመጣሽ ቤት አታስገባኝም።

አባትሽ
ከባህር ዳር