ሁለተኛውን ቤት የት አደረሳችሁት?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው እሑድ ስለ መሪጌታችን ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር የከፈትኩት። የሰፈሩ ሰው በጋዜጣ ሲወጣ የማይደሰት ማን አለ? ርዕሱ ላይ ስደርስ ግን ቀዝቀዝ አልኩ። «የጣናን አረንጓዴ ውበት የሚያወድሱት መናኝ ገጣሚ» ይላል።

የምን አረንጓዴ ውበት?

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ፎገራ ነው፤ ባሕር ዳር ያገባሁበት ነው። ጣናን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ሲጠራ ሰማይ ይመስላል፣ ክረምት ወንዞቹ ጎርፍ ሲያስገቡበት ይደፈርሳል። ዳር ዳሩን ደንገል ሲያለብሰው ያምራል፤ እሱን ማለታችሁ ቢሆን እስማማ ነበር። ፎቷችሁ ላይ ያለው አረንጓዴ ግን ደንገል አይደለም። እምቦጭ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ፣ ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቃችን ላይ የተኛ አረም ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፤ እውነት ለመናገር ዓይን ይስባል። ከሥሩ ያለው ውኃ ግን ብርሃን አያገኝም፣ አየር ያጥረዋል፣ ዓሣው ይታፈናል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ መግባቱን ጽፋችኋል። ልክ ነው። ያኔም ግን እምቦጩ ውኃው ላይ ነበር። ይህን ለምን ዘለላችሁት?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋዜጠኛችሁ በመጣችበት ዕለት መሪጌታ ያሉት ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ነው። በቤተ ክርስቲያን በግእዝ ሰጡት። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀምጠን፣ ግእዝ ለማንሰማው ብለው በአማርኛ መለሱልን። እንዲህ ነው፦

ሙሽራይቱ ጣና አረንጓዴ ካባ ደርባ ስትወጣ፣
ሚዜዋ ዓሣ ቆሞ አለቀሰ ትንፋሹን እያጣ።

እናንተ የመጀመሪያውን ቤት፣ ማለትም የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አተማችሁ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከፎቶው ሥር። ሁለተኛው የለም። ጉባኤ ቃና እኮ ሁለት ቤት ነው። ሁለት ብቻ። መወድስ ቢሆን ስምንት ቤት ስለሆነ ቦታ አጠረን ብትሉ ይገባኝ ነበር። ለአንዲት መስመር ቦታ ጠፋ?

ሰሙ ሠርግ ነው። ሙሽራ፣ ካባ፣ ሚዜ፣ በሠርግ ቀን የሚወርድ እንባ። ወርቁ ሞት ነው። ካባው እምቦጩ ነው። የሚዜው ለቅሶ የዓሣው ማለቅ ነው፣ ዓሣው ሲያልቅ ደግሞ መረቡን ሰቅሎ የተቀመጠው አጥማጅ ረኃብ ነው። ሁለተኛውን ስትቆርጡት ወርቁ አብሮ ተቆረጠ፣ ለቅሶው ዘፈን ሆነ። ደጀ ሰላም የነበሩት ሽማግሌዎች የመጀመሪያውን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ ዝም ተባለ፤ አንዱ አባት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጋዜጠኛዋ እዚያው ተቀምጣለች። አይታለች።

ቅኔ ደግሞ አይደገምም። ዛሬ የተሰጠው ነገ አይሰጥም፤ ባለቅኔው ለሌላ ቀን ሌላ አዲስ ያመጣል እንጂ ወደ ትናንቱ አይመለስም። ስለዚህ ያን ዕለት ያልነበረ ሰው የሚያውቀው እናንተ ያተማችሁትን ግማሽ ነው። ያናደደኝ ይሄ ነው። «ግጥም አነበቡ» ማለታችሁም ስህተት ነው። ቅኔ አይነበብም፤ ይዘረፋል፣ ይሰጣል። በእጃቸው ወረቀት አልነበረም።

ሴት ሆነሽ ቅኔ ከየት አወቅሽ የሚል ካለ፣ እዚሁ ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ስንቱን ወንድ ቅኔ ያስተማሩ መሆናቸውን ይጠይቅ። እኔ የሳቸውን ያህል ቀርቶ የተማሪያቸውን ያህል አላውቅም። ሁለት ቤት መቁጠር ግን አያቅተኝም።

«መናኝ» ወደሚለው ልሂድ። መናኝ ማለት ዓለምን ጥሎ የሄደ ነው። መሪጌታ ሚስት አላቸው፣ ልጆች አላቸው። የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። በየወሩ በ16 የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ አብረን እንጠጣለን። ሌሊት ለሰዓታት ጸሎት ይነሳሉ፣ ሲነጋ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ከሰዓት በኋላ ዋንዛው ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ያስተምራሉ፣ ማታ ደግሞ የሞተ ቤት ድንኳን ሲተከል ካስማ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ጋዜጠኛዋ ለብቻቸው በዳርቻው ሲመላለሱ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይታ ነው መሰለኝ «ከሰው የራቁ» ያለችው። ቅኔ እየቆጠሩ፣ ማለትም በልባቸው እያዘጋጁ ነበር። ቅኔ የሚቆጥር ሰው ለጊዜው ከሰው ይለያል፤ የሚቆጥረው ግን ለጉባኤ ነው፣ ሰው ፊት ሊያቀርበው ነው። ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር።

ብትጠይቀኝ ስል፣ እቤቴ መጥታ ነበር እኮ። ቡና አፍልቼ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጣለች። የአባቴን የፎገራ ላሞች ነገርኳት። ባሕር ሸሽ የምንለውን መሬት፣ ውኃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የምንዘራበትን፣ አሁን ውኃው ሲሸሽ የደረቀ እምቦጭ ጥሎ እንደሚሄድ ነገርኳት። ጻፈች። ሁሉንም በደብተሯ ስትጽፍ አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል ጋዜጣው ላይ የለችም።

ቅዳሜ ደግሞ ከእኛ ጋር ፎገራ ድረስ ወረደች። 23 ሰው ነበርን። ጣንቋ የሚሠሩት ወይጦ ጎረቤቶቻችንም ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፣ የጽዋ ማኅበራችን ውስጥ የሉም፣ ውኃው ውስጥ ከማንም በፊት የገቡት ግን እነሱ ናቸው። ስማቸው በዘገባው የለም። እምቦጭ በእጅ ነቅሎ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሥሩ እንደ ፀጉር የተያያዘ ነው፣ ይከብዳል፣ አልቅት አለው፣ ገላ ያሳክካል። ነቅሎ መተውም አይበቃም፤ ከዳርቻው አርቆ ካልከመሩት ክረምት ውኃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። እኛ ያን ስናደርግ ጋዜጠኛዋ ካሜራዋን አወጣችና «እናቶች፣ ትንሽ ዞር በሉልኝ» አለች። ዞር አልን። እስከ ወገባችን ጭቃ ውስጥ ሆነን ዞር አልንላት። እናም በፎቶው መሪጌታ ብቻቸውን አረንጓዴው ፊት ቆመዋል። ብቸኛ ያደረጋቸው ካሜራችሁ ነው።

«ከፖለቲካ የራቁ» የሚለውን ሳነብ ጋዜጣውን አስቀምጬ ተነሳሁ። በጥቅምት 2013 ትልቁ ዘመቻ ሲታወጅ ሹማምንቱም ካሜራውም መጥቶ ነበር። ካሜራው ከሄደ በኋላ በስብሰባ መሐል ተነስተው «ለእምቦጭ የመጣው ማሽን ለምን ቆመ?» ብለው የጠየቁት መሪጌታ ናቸው። መልስ አላገኙም። ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ ቅኔያቸው ውስጥ ይጠይቃሉ። ቅኔ ድሮም ሹመኛ ፊት ለፊት የሚገሠጽበት ነው፤ ሰሙ ይሸፍናል፣ ወርቁ ይደርሳል። እሳቸው በዚያ መንገድ ሲናገሩ እናንተ ሰሙን ወስዳችሁ ተፈጥሮ አወደሱ አላችሁ። በዚህ ዘገባ የሚደሰተው ማሽኑ ለምን ቆመ ሲባል ያልመለሰው ሰው ብቻ ነው።

መሪጌታ ራሳቸው ይህን ደብዳቤ አትጻፊ ብለውኛል። «ተዪው፣ ልጆች ናቸው» አሉ። እኔ አልተውኩትም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ጉባኤ ቃናውን ሁለቱንም ቤት፣ የመጀመሪያውን ባተማችሁበት ፊደል መጠን አትሙልን። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እንወርዳለን። ጋዜጠኛዋ መምጣት ከፈለገች መኪናው ላይ ቦታ እንይዝላታለን፣ ምሳም ይዘን ነው የምንሄደው። ፎቶ ስታነሳ ግን ዞር አንልም።

አንባቢያችሁ፣
ከባሕር ዳር