የሚኒ ሚዲያና ጤና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከዜናው በኋላ በየቤቱ ምን ይደረጋል?

የክበባችን ተማሪዎች ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዘው ከረሙ፤ የጤና ምክር በቴሌቪዥን ከተነገረ በኋላ በጅማ ቤቶች ውስጥ ምን ይደረጋል? የምሽት 2 ሰዓት ዜናን ከቤተሰብ ጋር አይተው ምክሩን በደብተር ይጽፋሉ፤ ሰንበት ብለው ደግሞ ጎረቤት ዞረው ማን እንደተገበረው ይጠይቃሉ።

ዓመቱ የወባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት ባወጣው መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን አስታወቀ። ቁጥሩ የተነበበለት ሁሉ «ያ ረቢ!»፣ «እግዚኦ!» ብሏል፤ በዚያው ምሽት አጎበር የዘረጋ ግን በደብተሮቹ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

የሂርማታ ሰፈር ተማሪያችን ከቡና ላይ የጻፈችው ገጽ ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ነው። አንዲት እናት «ትኩሳት በያዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ታከሙ ይላሉ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ልጄን ማታ ያተኩሳታል፣ ጠዋት ይለቃታል» አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትመጣ «መጀመሪያ ካተኮሳት ጀምሮ ነው፤ ቢለቃትም ያምጧት» አለቻቸው። «ይህንንማ በዜናም ሰምቼዋለሁ» ብለው በማግስቱ ልጅቷን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ዜናው የሠራተኛዋ ቃል እንዲታመን አስቀድሞ ረድቷል፤ ብቻውን ግን ከቤት አላስወጣቸውም።

ወላጆች ስለ ኮሮና የነገሩንም ከዚህ አይርቅም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ሲነገር በየሱቁ ደጃፍ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ቆመ። ወራት አልፈው የዕለቱ ቁጥር መነበቡን ሳያቆም ጀሪካኖቹ ጠፉ። ዛሬ ምን እንደሚደረግ የማይናገር ቁጥር ጆሮን ያደነዝዛል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ልጆቹ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያሰሙትን ዜና እንደ አዲስ ጻፉት። «ኅብረተሰቡ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ተጠየቀ» የሚለው ቀርቶ «ዛሬ ማታ የአጎበሩን ጫፍ ከፍራሹ ሥር አስገቡ፤ ቀዳዳ ካለው ሳይመሽ ስፉት» ሆነ። አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በማግስቱ፣ ከእናቱ ጋር በጥቁር ክር የሰፉትን አጎበር ሊነግረን ደወል ሳይደወል መጣ።

ለ2018 የያዝነው ጥያቄ ስለ ወሬ ነው። በኮሮና ጊዜ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያድናሉ ተብሎ ነበር። እንዲህ ያለውን ወሬ በዜና ማስተባበል ያጠፋዋል ወይስ ላልሰማው ያሰማዋል? መጠይቁን ተማሪዎቹ ከአሁኑ ማዘጋጀት ጀምረዋል።