የሥነ ጥበብ ክበብ፦ መስታወት ላይ የተጫረ መስክ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ርዕስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ የገጠር መልክዓ ምድር ሕትመት ነበር። ሠዓሊዎቹ ሚሌ፣ ዶቢኚና ሻርል ዣክ እረኛውንና መንጋውን በብዛት ያተሙት መዳብ በአሲድ አስበልተው ነው። አሲድ ለተማሪ እጅ ስለማይሰጥ ሌላውን ዘዴ፣ ክሊሼ ቬርን መረጥን፤ ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት በቀለም ተሸፍኖ ሥዕሉ ይጫርበታል፣ በጭረቱ የሚያልፈው ብርሃንም ሥዕሉን ብርሃን በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ያትመዋል። ፈረንሳዊው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ኮሮ በ1853 በፈረንሳይ አራስ ከተማ የጀመረው ሲሆን፣ ዘዴውን ካቀረቡለት ሰዎች አንዱ ግራንጊዮም የሥዕል መምህር ነበር። ይህን ስናነብ ደስ ማለቱ አልቀረም!

መስታወቱ ጥቁር የማተሚያ ቀለም በሮለር በስሱ ይቀባና ሳይደርቅ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል። በኮሮ ዘመን የሚነሰነሰው ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ መርዛማ ዱቄት ስለነበር በታልክ ተካነው። መስታወቱ ጥቁር ጨርቅ ላይ ሲቀመጥ በመርፌ የተጫረው ሁሉ ጠቁሮ ይታያል፤ ተማሪው ሕትመቱን ከወዲሁ ያየዋል ማለት ነው። ቀለሙ ከወፈረ በጭረቱ ዳር ይከመርና መስታወቱ ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም። ከሳሳ ብርሃን ያሳልፋል፤ ነጭ መሆን የነበረበት ሰማይ ይበላሻል። ሳይደርቅ ከታተመ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይለጠፋል።

ጨለማ ክፍል ስለሌለን ለወረቀቱ የተጠቀምነው ሲያኖታይፕ፣ ማለትም ፀሐይ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን የብረት ጨው ቅብ ነው፦ 25 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ በሌላ 100 ሚሊ ሊትር፤ ከዚያ እኩል በእኩል ይቀላቀላሉ። ወረቀቱ ደብዘዝ ባለ ክፍል ተቀብቶ ይደርቃል፣ በመስታወቱ ተሸፍኖ ለቀትር ፀሐይ 10 ደቂቃ ያህል ይሰጣል፣ ቢጫው እስኪለቅ በውሃ ይታጠባል። የሚወጣው ሰማያዊ ነው፤ የኮሮን ቡናማ የጠበቀ ቅር ይለዋል።

ብዙ ያከራከረን የመስታወቱ አቀማመጥ ነው። የተጫረው ፊት ወረቀቱን ሲነካ መስመሩ ስል ይሆናል፤ ሥዕሉ ግን ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ወደ ላይ ሲዞር ሥዕሉ አይገለበጥም፤ ነገር ግን ብርሃኑ በመስታወቱ ውፍረት ውስጥ ስለሚበተን መስመሩ ይለሰልሳል። ለቅጠል ያምራል፣ ለበግ እግር አይሆንም።

በግ ላይ የተማሪዎች ትልቁ ስሕተት ፀጉሩን ሁሉ መጫር ነው። ጀርባው ጨርሶ አይነካም፤ ከሆዱ ሥር ያለው ጥላና እግሩ አጠገብ ያለው ሣር ከተጫሩ በጉ ራሱ ይወጣል። ለጭጋግ በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይበቃል፤ ኮሮም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

መስታወቶቹ ደጋግመው ማተም ስለሚችሉ በጋዜጣ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሁለቱ ፈሳሾች ከተቀላቀሉ ስለማይቆዩ በየጥቁር ጠርሙሳቸው ለየብቻ ናቸው።