ሞተሪስታውን ማን ያሠልጥነው?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ቀረጡ፣ ዋጋው፣ ቻርጅ ማድረጊያው ተጽፏል። የሚገጣጥመውና የሚጠግነው ሠራተኛ ግን የለበትም።

እኔ ተክለሃይማኖት አካባቢ ሞተሪስታ ነኝ። እንጀራችን ከካንዴላ፣ ከፊልትሮ፣ ከፍሪሲዮንና ከካምቢዮ ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ሲሰማ፣ ጋራዥና መለዋወጫ በሞላበት ሶማሌ ተራ ላይ «ይሄም ያልፋል» ያለው ብዙ ነበር። አላለፈም። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለው፣ የሞተር ዘይት አይቀየርለት። አሮጌዎቹ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያበሉናል፤ ይህን አልክድም። የሚያሳስበኝ አሁን ቁልፍ ማቀበል የጀመረው ረዳት ነው።

ሰሞኑን አንዱ ልጅ የኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ከፍቶ ብርቱካንማውን ገመድ በባዶ እጁ ሊነቅል ሲል ጮኽኩበት። ያ ቀለም የከፍተኛ ቮልቴጅ ምልክት ነው። ከ300 ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል፤ ይገድላል። ልጁ ማን ነግሮት ይወቅ? ጓንት የለው፣ ሥልጠና የለው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው። ባለመኪናው ደግሞ ከጎኑ ቆሞ «ቶሎ በል እንጂ» ይለዋል።

ቻይናን እየረገሙ የሚውሉ ወዳጆች አሉኝ። እርግማኑን አሜሪካኖች ቀድመው ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ጣቱን የቀሰረው ጃፓን ላይ ነበር። የጃፓን መኪና በመዶሻ እስከ መቀጥቀጥ ተደርሷል። ጃፓኖቹ ምን አደረጉ? ፋብሪካውን እዚያው አሜሪካ ተከሉት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1988 ኬንታኪ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት ማምረት ጀመረ፤ ማኅበሩ ሳይገባበት ዓመታት ነጎዱ። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ የነበረው የማኅበሩ አባል ዛሬ ከ400 ሺህ በታች ነው። ሮቦቱም፣ የአሜሪካ ድርጅቶች የራሳቸው ድክመትም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉንም በጃፓን ማሳበብ ግን ማንንም አላዳነም።

ያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ሲመለስ ነቅቶ ነበር። ሦስቱን ትልልቅ መኪና አምራቾች፣ ፎርድን፣ ጂኤምንና ስቴላንቲስን በአንድ ጊዜ በአድማ መታ፤ ያውም ፋብሪካ እየመረጠ። በአራት ዓመት ተኩል የሚከፈል 25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ አገኘ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ጂኤም የባትሪ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞችም በዋናው ስምምነት እንዲታቀፉ እሺ አለ። ሥራው ወደ ባትሪ ሲዞር ማኅበሩም ቀድሞ እዚያ ተገኘ።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከራሱ ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተስማምቷል። እስከ 2030 ከ35 ሺህ በላይ የሥራ ቦታ ይቀነሳል፤ በግድ የሚባረር ግን አይኖርም። ማኅበሩም ከደመወዝ ጭማሪው ተወ። ደስ የሚል ስምምነት አይደለም። ሠራተኛው በሌለበት ግን አልተወሰነም።

«እኛ ጋ ጋራዡ ሁሉ አምስት ስድስት ሰው ነው፤ የምን ማኅበር!» ይሉኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መልስ አለው። አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ይቋቋማል። ከአሥር በታች ባሉባቸው ቦታዎች የሚሠሩም ተሰባስበው አሥር ከሞሉ አንድ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። ሶማሌ ተራ አንድ ግቢ ውስጥ ብቻ ስንት አሥር አለ! ጣጣው ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ደመወዝተኛ አይደለንም፤ ከሥራው ዋጋ ነው የምንካፈለው። ባለጋራዡ «አሠሪህ አይደለሁም» ሲል ምን ይባላል? ይህን የሕግ ሰው ቢያብራራልን ደስ ይለኛል።

መኪና የሚገጣጥሙት ድርጅቶች ግን ይህ ሰበብ የላቸውም። የኅብረት ስምምነት ሲፈራረሙ ከደመወዝና ከቦነሱ ጎን አንድ አንቀጽ ይግባ። አዲስ ዓይነት መኪና ሲመጣ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት፣ በድርጅቱ ወጪ ይሠልጥን። ከውጭ የሚመጣው መሐንዲስም ላፕቶፑን ቆልፎ ከመሄዱ በፊት ለእኛ ልጆች ያሳይ።

እናንተ ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንን (ኢሠማኮን) ጠይቁልን። እንዲህ ያለ አንቀጽ የገባበት የኅብረት ስምምነት ካለ አትሙት። ኮፒ አድርጌ ሶማሌ ተራ የማድለው እኔ ነኝ።

አንድ ሞተሪስታ፣ ከተክለሃይማኖት