የመጨረሻው ምዕራፍ አይዘለል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ህንድ ውስጥ በብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት የሚማር፣ ፖለቲካል ሳይንስ የመረጠ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት መጽሐፍ ያነባል። አንዱ ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ ወዲህ ስላለው የዓለም ፖለቲካ ነው። ሌላው አገሩ እ.ኤ.አ. በ1947 ነፃ ከወጣች በኋላ ያለፈችበትን ይተርካል። እኔን የሚያስቀናኝ ይሄኛው ነው። ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ የነበረው ደም መፋሰስ አለበት። ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በ1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስነግረው ተቃዋሚዎችን ማሰራቸው፣ ጋዜጦች በሳንሱር መታፈናቸው፣ በ1977 ደግሞ ምርጫ መሸነፋቸው አለበት። አዋጁ ያስፈልግ ነበር ወይ የሚል ጥያቄም ለተማሪው ቀርቦለት ነበር። ይህን ያዘጋጀው የመንግሥት ተቋም ነው!

እርግጥ እዚያም መቀስ አለ። በ2022 የተማሪን ጫና ለመቀነስ ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በጉጃራት ክፍለ ግዛት በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል ስለተነሳው ግጭት የሚያወራው ክፍል ወጥቷል። ትክክል አይመስለኝም። ልጁ ከመምህሩ ካልሰማ ከፌስቡክ መስማቱ አይቀርም።

ወደ እኛ ልምጣ። የታሪክ መምህር ነኝ። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የደርግ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ያለው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ፈተና ይደርስና በሩጫ ይታለፋል። በቅርቡ አንዲት ተማሪዬ «አያቴ ቀይ ሽብር ሲነሳ ቴሌቪዥኑን ያጠፋሉ፤ ለምንድነው?» አለችኝ። ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ምን ልበላት?

ሥርዓተ ትምህርት የምታዘጋጁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ክፍል ወደ መጀመሪያው ሴሚስተር አምጡልን። ለውይይትም በቂ ክፍለ ጊዜ ስጡን።

አንድ የታሪክ መምህር፣ ከአዲስ አበባ